የአቦሸማኔው ግልገል በስንት እጅ አለፈ? «ድህነትን እንጂ ድሃውን አትመርምሩ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «ድህነትን እንጂ ድሃውን አትመርምሩ» በሚል ርእስ የወጣ ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩ። ጸሐፊው በሀገራችንና በአካባቢያችን ስላለው ሕገ ወጥ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት ንግድ የሚያነሡት ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ የአቦሸማኔ ግልገል የሚሸጠውም ሆነ ዝሆን የሚገድለው የቸገረው ሰው ስለሆነ ጉዳዩ የልማት እንጂ የፖሊስ አይደለም፤ ገዥው ባሕር ማዶ ስላለ እዚህ የሚደረግ ምርመራ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው፤ በ2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተቃጠለው የዝሆን ጥርስ ቢሸጥ ኖሮ ለፓርኮቻችን ገንዘብ ያስገኝ፣ ገበያውንም ያረካ ነበር፤ ቅጣት የግድ ነው ከተባለም የእሥራቱን ዘመን ከፍ ማድረግ ይበቃል፣ ረጅም ምርመራ ውስጥ መግባት ገንዘብ ማባከን ነው። ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈና ለአርብቶ አደሩ በእውነት ከመቆርቆር የመነጨ በመሆኑ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ሆኖም አራቱም ነጥቦች የሚነሡት ምርመራ ማለት ድሃውን ማሳደድ ነው ከሚል ግምት ነው። በሕግ ሙያ በቆየሁባቸው ዓመታት ያየሁት የዚህ ተቃራኒ ነው። ድሃው ብቻውን የሚታሠረው ምርመራ ሲቀር ነው።

ከመጀመሪያው ነጥብ ልጀምር፤ ሌሎቹ የቆሙት በእርሱ ላይ ነውና። በሶማሌ ክልል ቆላማ ስፍራዎች የአቦሸማኔ እናት ለአደን ስትወጣ ግልገሎቿን ቁጥቋጦ ሥር ደብቃ ትሄዳለች። ፍየል የተበላበት ወይም ገዥ መኖሩን የሰማ እረኛ መደበቂያውን ያገኘ እንደሆነ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ይወስዳቸዋል። በዚያ ዕድሜ ግልገሉ ከድመት ብዙም አይበልጥም፤ ከማጅራቱ እስከ ወገቡ ግራጫ ጠጉር ቆሞበታል፣ ድምፁም የአውሬ ሳይሆን የጫጩት ነው። ከዚያ በኋላ በካርቶን ወይም በጆንያ ተደርጎ፣ በፍየል ወተትና በቁራጭ ሥጋ እየተደለለ ቀናትን ይጓዛል። በእናቱ ወተትና አደን ያገኝ የነበረው ምግብ ስለሚጎድልበት አጥንቱ ይለሰልሳል፣ እግሩም ይቆለመማል፤ ብዙዎቹ ገዥው ዘንድ ሳይደርሱ ይሞታሉ። የተረፉት ድንበር ተሻግረው ወደ ሶማሌላንድ ጠረፍ፣ ከዚያ በጀልባ የኤደንን ባሕረ ሰላጤ አቋርጠው ወደ የመን፣ ከየመንም ወደ ዐረብ ባሕረ ሰላጤ ሀገራት ይገባሉ። የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ የተባለው ድርጅት በዚህ መንገድ በየዓመቱ 300 ያህል ግልገሎች እንደሚወጡ ይገምታል። በዓለም ላይ በዱር የቀሩት አቦሸማኔዎች ቁጥር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት 7,100 ያህል ተገምቷል።

ጸሐፊው እረኛውን ብቻ አይተው እዚያው ቆሙ። ከእረኛው እጅ የሚረከበው ደላላ መኪና አለው፣ ወይም መኪና ያለው ሰው ያውቃል። ኬላውን በየትኛው ሰዓት ማለፍ እንደሚሻል የሚያውቅ ሹፌር አለ። ጠረፍ ላይ ጀልባ የሚያከራይ፣ ከማዶ የሚቀበል፣ የግልገሎቹን ፎቶ ለገዥዎች የሚያሳይና ቀብድ የሚቀበል አለ። እረኛው የሚያገኘው ጥቂት ብር ሲሆን ግልገሉ መጨረሻ ላይ የሚሸጠው በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ነው። በዚህ ሰንሰለት ላይ ድሃ ሊባል የሚችለው የመጀመሪያው እጅ ብቻ ነው። ታዲያ «ድሃ ስለሆነ አትመርምሩት» የሚለው ክርክር ደላላውን፣ ባለ መኪናውንና ባለ ጀልባውን በእረኛው ጋቢ ሥር ይሸሽጋቸዋል።

ከዓመታት በፊት እጄ የገባ አንድ መዝገብ ይህን ነገር ዛሬም ድረስ ያስታውሰኛል። በአውቶቡስ ላይ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ሁለት የዝሆን ጥርስ ሲያጓጉዝ የተያዘ የቀን ሠራተኛ ነበር። የኤግዚቢት (በማስረጃነት የተያዙ ዕቃዎች) መዝገቡ ላይ «ጥርስ፣ ሁለት» ተብሎ ተጽፏል፤ ክብደቱ የለም፣ ርዝመቱ የለም፣ ፎቶግራፍ አልተነሣም። ከእርሱ ቀጥሎ ከተከሳሹ ኪስ የተገኙ የግል ንብረቶች ተዘርዝረዋል፦ ቀበቶ አንድ፣ ጥቂት ብር፣ የእጅ ስልክ አንድ። ስልኩ ከቀበቶው ጋር በቤተሰቡ ፊርማ ተመልሷል። ሰውየው በሰጠው ቃል ላይ «ስደርስ የሚቀበለኝ ይደውልልኛል ተብያለሁ» ይላል። ማን እንደሚደውል የጠየቀ መርማሪ አልነበረም። የቀን ሠራተኛው ተፈረደበት፣ መዝገቡም ተዘጋ። ጸሐፊው የሚያዝኑለት ድሃ ይህ ነው፤ እኔም አዝንለታለሁ። እርሱ ብቻውን ወህኒ የወረደው ግን ምርመራው ስለ በዛበት አይደለም።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትን ነገር መካድ አይገባም። ከብቱን አውሬ የበላበት አርብቶ አደር ካሣ የሚያገኝበት መንገድ ከሌለ፣ ስለ አቦሸማኔ ውበት የሚነገረው ንግግር ለእርሱ ትርጉም የለውም። በረት ማጠናከር፣ ካሣ መክፈል፣ ለጠቆመ ሰው ዋስትና መስጠት የሥራው አካል ነው። እንዲያውም እረኛው ምስክር እንጂ ተከሳሽ የማይሆንበትን መንገድ የሚከፍተው በደንብ የተመራ ምርመራ ነው፤ ለማን እንደ ሸጠ፣ ገዥው በምን መኪና እንደ መጣ፣ ማን እንዳገናኛቸው ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ጸሐፊው በመሐል «በዚህ ወንጀል የተጎዳ ሰው ማሳየት አይቻልም» ያሉትን ባጭሩ ልለፈው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ለሁሉም ሰው ሰጥቷል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራምና ኢንተርፖል እ.ኤ.አ. በ2016 በጋራ ባወጡት ግምት የአካባቢ ወንጀል በየዓመቱ ከ91 እስከ 258 ቢሊዮን ዶላር ያንቀሳቅሳል። ይህን ያህል ገንዘብ ከየት ኪስ ወጥቶ ወደየት ኪስ እንደሚገባ ለሚጠይቅ ሰው ተጎጂው አይጠፋውም።

«ገዥው ባሕር ማዶ ነው» የሚለው ሁለተኛ ነጥብ ብዙ አንባቢ የሚያሳምን ይመስለኛል፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስለት። እውነት ነው፣ አቦሸማኔን እንደ ቅንጦት ዕቃ በግቢው የሚያሳድገው ሰው የሚኖረው በሌላ ሀገር ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2013 ባንኮክ ላይ በተካሄደው የሳይቴስ (የመጥፋት አደጋ ያለባቸው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ የሚመራበት ስምምነት) ጉባኤ የአቦሸማኔን ሕገ ወጥ ንግድ ጉዳይ ሰነድ አዘጋጅተው ያቀረቡት ኢትዮጵያ፣ ኬንያና ኡጋንዳ ነበሩ። ጉዳዩ ከዚያ በኋላ በጉባኤዎቹ አጀንዳ ላይ ሰነበተ፤ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስም እ.ኤ.አ. በ2016 አደገኛ እንስሳትን በግል ማሳደግን የሚከለክል ሕግ አወጣች። ሕጉን ያስገኘው የእኛ ሰነድ ብቻ ነው ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን የግልገሎቹን መነሻና መንገድ በማስረጃ የሚያሳይ ካልነበረ፣ ገዥው ሀገር «እንስሳው ከየት እንደ መጣ አናውቅም» ብሎ የማይመልስበት ምክንያት አልነበረም። ሶማሌላንድም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2020 በግልገል ንግድ የታወቀ አንድ አዘዋዋሪ ተይዞ የአራት ዓመት እሥራት ተፈርዶበታል። ይህ ሰው ባሕር ማዶ ያለ ባለጸጋ አይደለም፣ እረኛም አይደለም። ጸሐፊው ያላዩት የመሐለኛው ሰው እርሱ ነው።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር፣ ከዱር እንስሳ ወጣ ብሎ። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2012 ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 2036 ከሶማሊያ ከሰል ወደ ውጭ እንዳይላክና ማንም ሀገር እንዳያስገባ ከልክሏል፤ ምክንያቱም ግራሩ ተቆርጦ የሚገኘው ገንዘብ አልሸባብን ይመግብ ነበር። በጸሐፊው አስተሳሰብ ይህም ከንቱ ነው፤ ከሰሉን ለሺሻና ለሥጋ ጥብስ የሚፈልገው ገዥ ባሕረ ሰላጤው ማዶ ነውና። የምክር ቤቱ ተቆጣጣሪ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣውን ዘገባ ላነበበ ሰው ግን ምርመራ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ከሶማሊያ ወደብ ከኪስማዮ ከሰል የጫኑ ጀልባዎች ከኮሞሮስ፣ ከጋናና ከአይቮሪ ኮስት የተገኘ ነው የሚል ፎርጅድ የመነሻ ሀገር የምስክር ወረቀት ይዘው ወደ ኢራን ነጻ የንግድ ቀጠናዎች ይገቡ ነበር። እዚያ ከሰሉ ወደ ነጭ ከረጢት እየተገለበጠ «የኢራን ምርት» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍበትና ወደ ገበያው ይሻገራል። ዘገባው ከሶማሊያ በዓመት ሦስት ሚሊዮን ያህል ጆንያ እንደሚወጣ፣ አልሸባብም ከዚህ ቢያንስ 7.5 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሰበስብ ገምቷል። ይህን ያወቁት ጫካ ገብተው ከሰል አክሳዩን በማሳደድ አይደለም። ወረቀት ከወረቀት፣ የጀልባ ጉዞ ከጉምሩክ ማኅተም ጋር እያመሳከሩ ነው። የነጩ ከረጢት ታሪክ በታወቀበት ቅጽበት ተጠያቂነቱ ወደ ባሕር ማዶው ነጋዴ ተሻገረ። ስለዚህ «ገዥው ሩቅ ነው» ማለት ምርመራውን ለማስቀረት ሳይሆን ረዘም አድርጎ ለመዘርጋት የሚያበቃ ምክንያት ነው።

ለእኛ ሀገር ይህ ነጥብ ሌላም ገጽ አለው። ቦሌ የአፍሪካ ትልቅ የትራንዚት ጣቢያ በመሆኑ በዚያ የሚያዘው ጥርስ ሁሉ ከኢትዮጵያ ዝሆን የወጣ አይደለም፤ ከሌላ አፍሪካ ሀገር ተነሥቶ ወደ እስያ የሚያልፍ መንገደኛ ሻንጣ ውስጥ የሚገኘው ብዙ ነው። መንገደኛው ተይዞ፣ መቀጮ ከፍሎ፣ ጥርሱ ተወርሶ ነገሩ እዚያው ካበቃ፣ በመነሻው ሀገርና በመድረሻው ሀገር ያሉት ሰዎች የጠፋባቸው አንድ ሻንጣ ብቻ ነው።

ወደ ተቃጠለው ጥርስ ልምጣ። መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. በጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ ተቃጥሏል፤ ጸሐፊው «ገንዘባችን ጢስ ሆነ» ብለው የሚጽፉት ስለዚህ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ያ ጥርስ በሕጋዊ ገበያ ሊሸጥ አይችልም ነበር። ኢትዮጵያ የሳይቴስ አባል የሆነችው በ1981 ዓ.ም. ሲሆን የሀገራችን ዝሆኖች የሚገኙት ዓለም አቀፍ የንግድ ሽያጭ በተከለከለበት አንደኛው ዝርዝር ላይ ነው። ሁለተኛ፣ «ሸጠን ገበያውን እናርካው» የሚለው ሐሳብ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2008 ቦትስዋና፣ ናሚቢያ፣ ደቡብ አፍሪካና ዚምባብዌ በልዩ ፈቃድ ከ100 ቶን በላይ ጥርስ ለቻይናና ለጃፓን ሸጡ። ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ለአፍሪካ ዝሆን እጅግ የከፉ ነበሩ፤ ታንዛኒያ ብቻዋን እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2014 ባሉት ዓመታት ከዝሆኖቿ 60 በመቶ ያህሉን አጣች። ጥፋቱን ያመጣው ያ ሽያጭ ብቻ እንደሆነ አልናገርም፤ ባለሙያዎችም የሚከራከሩበት ጉዳይ ነው። ገበያው እንዳልረካ ግን ማንም አይክድም። በአንጻሩ ቻይና የሀገር ውስጥ ገበያዋን ለመዝጋት ስትዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ2014 በኪሎ 2,100 ዶላር የነበረው የጥሬ ጥርስ ዋጋ በ2017 መጀመሪያ ወደ 730 ዶላር ወረደ። ዋጋውን ያወረደው መሸጥ ሳይሆን መዝጋት ነው።

ለመርማሪ ደግሞ ከዋጋውም በላይ የሚከብድ ነገር አለ። ሕጋዊ ጥርስ ገበያ ላይ ባለበት ሁሉ የተያዘ ነጋዴ የመጀመሪያ መከላከያው «ይህ የቆየ ነው፣ ከመጋዘን የወጣ ነው» የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በተያዙ ትልልቅ ጭነቶች ውስጥ ያለውን ጥርስ ዕድሜ በራዲዮ ካርቦን ሲለካ፣ ከናሙናው 90 በመቶ ያህሉ ጥርሱ ከመያዙ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት ውስጥ ከተገደሉ ዝሆኖች የተወሰደ ሆኖ ተገኝቷል። አሮጌ የተባለው ትኩስ ነበር። ስድስት ቶን ጥርስ ሸጠን የምናገኘው ገንዘብ ለዚህ ዓይነቱ ውሸት ከምንሰጠው ሽፋን ጋር አይመዛዘንም።

የመጨረሻው ነጥብ፣ «ቅጣቱን ከፍ ማድረግ ይበቃል» የሚለው፣ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ነው፤ የሕግ ሰዎችም ሳንቀር የምንወድቅበት ሐሳብ ነውና። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 ለዱር እንስሳት ወንጀል ያስቀመጠው ቅጣት ከ5,000 እስከ 30,000 ብር መቀጮ ወይም ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እሥራት፣ ወይም ሁለቱንም ነው። ይህ ቅጣት ለትልቁ ነጋዴ ቀላል እንደሆነ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ነገር ግን ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው ሕግ እስከ ዕድሜ ልክ የሚደርስ እሥራት አስቀምጣለች። በዚያ ሕግ ሥር የሆነውን እንመልከት።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2014 ሞምባሳ ውስጥ በአንድ የመኪና መሸጫ ግቢ 2,152 ኪሎ የዝሆን ጥርስ ተያዘ። ዋነኛው ተጠርጣሪ ወደ ታንዛኒያ ሸሸ፣ ኢንተርፖል አፈላለገው፣ በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ዳሬሰላም ተይዞ ተመለሰ። በሐምሌ 2016 የ20 ዓመት እሥራትና የ20 ሚሊዮን ሽልንግ መቀጮ ተፈረደበት፤ ዜናው በመላው አፍሪካ ተሰማ። በነሐሴ 2018 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በነጻ አሰናበተው። ማስረጃው ጥፋተኛ ለማሰኘት አይበቃም ተባለ፤ ከተነሡት ጉድለቶች አንዱ ለኤሌክትሮኒክ ማስረጃ በሕግ የሚያስፈልገው የማረጋገጫ ሰነድ አብሮ አለመቅረቡ ነበር። ዳኛዋን መውቀስ አይቻልም፤ ፍርድ ቤት የቀረበለትን መዝግቦ ይመዝናል እንጂ የጎደለውን አይሞላም። ሃያ ዓመት የሚያስፈርድ ሕግ ነበረ፣ ሁለት ቶን ጥርስ ነበረ፣ ዓለም አቀፍ ትብብርም ነበረ። የጎደለው የመዝገብ አያያዝ ነው። ቅጣቱን ወደ ሠላሳ ዓመት ቢያሳድጉት ኖሮ ሰውየው ነጻ የሚወጣው ከሠላሳ ዓመት ቅጣት ይሆን ነበር፣ ሌላ ለውጥ የለውም።

«ረጅም ምርመራ ገንዘብ ማባከን ነው» የሚለውንም ከዚሁ ጋር ላያይዝ። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሳሙኤል ዋሰር የሚመሩት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመው ሥራ ለዚህ ጥሩ መልስ ይሰጣል። ዝሆን ሁለት ጥርስ አለው፤ ቡድኑ በተያዙ 38 ትልልቅ ጭነቶች ውስጥ ካሉት ጥርሶች ዲ ኤን ኤ ወስዶ ሲያመሳክር የአንዱ ዝሆን ግራ ጥርስ በአንድ ኮንቴይነር፣ ቀኙ በሌላ ኮንቴይነር ውስጥ ሆኖ አገኘ። ሁለቱ ኮንቴይነሮች የተያዙት በተለያየ ጊዜና ቦታ ነው፣ ወረቀታቸው ላይ የተጻፈው ላኪም የተለያየ ነው። የአንድ ዝሆን ጥርስ ሁለቱም ውስጥ ከተገኘ ግን ጥርሱን የሰበሰበው እጅ አንድ ነው። በዚህ መንገድ በኬንያዋ ሞምባሳ፣ በኡጋንዳዋ ኢንቴቤና በቶጎዋ ሎሜ በኩል ይጭኑ የነበሩ ሦስት ትልልቅ መረቦች ተለዩ። ልብ ማለት የሚያስፈልገው፣ ይህ ሥራ የሚቻለው ጥርሱ ሲያዝ ማን፣ መቼ፣ የት እንደያዘው ተጽፎ ናሙናው ሳይደበላለቅ ከተቀመጠ ብቻ መሆኑን ነው። «ጥርስ፣ ሁለት» ከሚል መዝገብ የሚወጣ ነገር የለም።

ጸሐፊው ወጪውን ስለሚፈሩ የምጠይቀውን በዝርዝር ላስቀምጥ። በየኬላውና በየጣቢያው ሚዛን፣ ሜትርና ካሜራ ይኑር፤ የተያዘው ነገር ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ የአስረካቢና የተረካቢ ስምና ፊርማ በየደረጃው ይቀመጥ፤ ስልክ ከተጠርጣሪ ሲገኝ እንደ ቀበቶ አይመለስ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይመርመር። ዐቃቤ ሕግ መዝገቡ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ገና ሲከፈት ከመርማሪው ጋር ይቀመጥ። ዕቃው ከፍ ያለ ዋጋ ያለው በሆነ ቁጥር ደግሞ የባንክ ሒሳቡ ይጠየቅ፤ ከወንጀል የተገኘን ገንዘብ ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን የሚከለክል ሕግ በእጃችን አለ። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ አዲስ ሕግ አይፈልጉም፣ አንዳንዶቹም ከአንድ ደብተርና እስክሪብቶ የበለጠ ወጪ የላቸውም።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የቋጩት «የታሠረው ድሃ ሲፈታ ምን እንመልስለታለን?» ብለው ነው። ያ የቀን ሠራተኛ ቅጣቱን ጨርሶ ወጥቷል። ይደውልልኛል ያለው ሰው ማን እንደነበረ ግን እስከ ዛሬ በየትኛውም መዝገብ ላይ አልተጻፈም።